የትንሽ የሸራ ጀልባ የኋላ ሳንቃ ሞተር እንዲሸከም ስለ ማጠንከር

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣንበት ጉዳይ በመልኩ ትንሽ ነው። ይኸውም በነፋስ እንድትሄድ የተሠራች አንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ፥ ነፋስ በሚጠፋበት ጊዜ የሚረዳት ሞተር በጀርባዋ እንዲታሰርላት ቢፈለግ፥ ሞተሩ የሚያዝበት የኋላ ሳንቃዋ እንዴት መጠንከር እንደሚገባው መግለጽ ነው። ነገር ግን ሳንቃው ከዳር ርቆ ሳለ የተላቀቀ እንደ ሆነ የሚጠፋው ሞተሩ ብቻ አይደለም። የጀልባዋ ጀርባ ተከፍቶ ውሃ ይገባል። ይህም የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ በሚሠራበት ሰዓት፥ ማለት ማዕበል ተነሥቶ ሰዎቹ ወደ ዳር ለመድረስ በሚቸኩሉበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ነገሩ የአናጢነት ሥራ ከመሆኑ በፊት የስሌት ሥራ ነው እንላለን፤ አናጢዎች ወዳጆቻችን ይህን አባባል ባይወዱትም።

በአገራችን ሐይቆች ላይ ሸራ የምትዘረጋ ትንሽ ጀልባ እምብዛም አትታይም። የጣና ታንኳም ከደንገል እየታሰረች የምትሠራ ስለ ሆነች ሞተር የሚነክሰው ሳንቃ የላትም። ቢሆንም ከኋላቸው በጠፍጣፋ ሳንቃ ለሚዘጉ የእንጨት ጀልባዎች ሁሉ፥ ዓሣ ማጥመጃም ቢሆኑ መንገደኛ ማመላለሻ፥ እዚህ የምንለው አብዛኛው ይሠራላቸዋል። የሸራ ጀልባን ለምሳሌ የመረጥንበት ምክንያት ችግሩ በእርሷ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። አካሏ እንዲቀል ሆኖ ከስስ እንጨት ይሠራል፤ መሪዋ በኋላ ሳንቃዋ መካከል ላይ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ ሲያዘነብላትም ሞተሩ አብሮ ያዘነብላል። ለእርሷ የሚበቃ ማጠንከሪያ ለሌላዪቱ ይተርፋል።

አስቀድመን ስለ ስሞች ጥቂት እንናገር። ጀልባዪቱን ከኋላ በኩል የሚዘጋውን ጠፍጣፋ ግድግዳ ባሕረኞች ትራንሰም ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የኋላ ሳንቃ እንለዋለን። በላዩ የሚታሰረው ሞተር አውትቦርድ የሚባለው ነው። ይህ ሞተር አንድ ወጥ ዕቃ ሆኖ ከላይ ማሽኑ፥ ከታች ደግሞ ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር ያለበት ሲሆን፥ በመካከሉ እንደ ሞርሳ ያለ መንጋጋ አለው። መንጋጋው በሳንቃው የላይ ጠርዝ ላይ ይጠለቅና በእጅ በሚጠበቁ ሁለት ጠመዝማዛ ብሎኖች ይያዛል። ከመንጋጋው ወደ ታች የሚወርደው የብረት እግር ደግሞ በሳንቃው የውጭ ፊት ላይ ይደገፋል። አንባቢው እነዚህን ሁለት ስፍራዎች፥ ማለት ከላይ ጠመዝማዛዎቹን ከታች እግሩን፥ በልቡ እንዲይዝ እንለምናለን፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእነርሱ ላይ ነውና።

አውትቦርድ ሞተር ለገበያ የበቃው በአሜሪካ ሲሆን፥ ስሙን ያስጠራው ከኖርዌይ የፈለሰው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። በ1909 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሸጥ የጀመረው ሞተር የአንድ ፈረስ ተኩል ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱም ወደ 28 ኪሎ ይደርስ ነበር። ይህ ሞተር ሲመጣ ትንንሽ ጀልባዎች ከኋላቸው በሳንቃ መዘጋት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። ይሁን እንጂ ሳንቃው የተሠራው ለመዝጋትና የጎኖቹን ጫፍ ለማያያዝ ነበር እንጂ ለመሸከም አልነበረም። ቢበዛ መሪውን ይሸከም ነበር። በኋላ ግን ለመዝጊያነት የተሠራውን ዕቃ ለተሸካሚነት አዋልነው። ዛሬ በሞተር እንዲሄዱ ታስበው የሚሠሩ ጀልባዎች ይህን ከመነሻው ያውቁታል፤ የሸራ ጀልባ ግን ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ልማድ ይዛ ትገኛለች።

ምሳሌያችን እንዲጨበጥ ሚረር የምትባለዋን የእንግሊዝ የሸራ ጀልባ እንውሰድ። እርሷን በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የነደፉት ጃክ ሆልት የተባለው የጀልባ ንድፍ ዐዋቂና በቴሌቪዥን የእጅ ሥራ ያስተምር የነበረው ባሪ በክነል ናቸው። ስሟን ያገኘችው ሐሳቡን ከደገፈው ከደይሊ ሚረር ጋዜጣ ነው። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ30 ሴንቲሜትር ገደማ፥ የአካሏ ክብደት ወደ 45 ኪሎ ነው። ሠሪው በቤቱ እንዲሠራት የታሰበች ስለ ሆነች፥ የኮምፐርሳቶ ገበታዎቿ በመዳብ ሽቦ እንደ ልብስ ይሰፋሉ፤ ከዚያም ስፌቱ በፋይበርግላስ ጥብጣብና በሙጫ ይሸፈናል። ከ70,000 በላይ ተሠርተዋል። በሸራም በመቅዘፊያም በትንሽ ሞተርም ልትሄድ የምትችል ሆና መታሰቧ ለኛ ጉዳይ ተስማሚ ያደርጋታል። ከዚህ በታች የምናወጣው ቁጥር ግን ለማንኛዋም በመጠን ለምትመስላት ጀልባ የተወሰደ ምሳሌ ነው እንጂ ከእርሷ ንድፍ የተቀዳ አይደለም።

ብዙ ሰው ሳንቃውን ለማጠንከር ሲያስብ የሚያስበው ስለ ሞተሩ ክብደት ነው። ሁለት ወይም ሦስት የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከ13 እስከ 18 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ይህም የአንድ ትንሽ ልጅ ክብደት ነው። ልጅ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ ሳንቃው እንደማይሰበር ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሞተሩም አይሰብረውም ይላሉ። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተር የሚቀመጥ ሸክም ብቻ ሳይሆን የሚፈነቅል ማንሻ ነው። ገበሬ ትልቅ ድንጋይ ለመንቀል ድጅኖውን ከሥሩ ሰክቶ ረጅሙን ጫፍ ሲጫን፥ ክንዱ ብቻውን ሊያነሣው ያልቻለውን ድንጋይ ድጅኖው ያነሣዋል። አውትቦርድ ሞተርም በሳንቃው ጠርዝ ላይ የተሰካ ድጅኖ ነው። ረጅሙ ጫፍ በውሃ ውስጥ ያለው ፕሮፔለር፥ የሚነቀለው ድንጋይ ደግሞ የጀልባዪቱ ሳንቃ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ፕሮፔለሩ በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ ጀልባዋን በ25 ኪሎ ግፊት ወደ ፊት ይነዳል እንበል። ከጠመዝማዛዎቹ እስከ ፕሮፔለሩ ያለው ቁመት 50 ሴንቲሜትር፥ ከጠመዝማዛዎቹ እስከ ብረት እግሩ ያለው 20 ሴንቲሜትር ይሁን። ፕሮፔለሩ ወደ ፊት ሲገፋ የሞተሩ ታች ወደ ፊት፥ ላዩ ወደ ኋላ ሊዞር ይፈልጋል። እንዳይዞር የሚከለክለው ሳንቃው ነው። ስለዚህ እግሩ ሳንቃውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ መጠኑም 25 በ50 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል 62 ኪሎ ተኩል ነው። ጠመዝማዛዎቹ ደግሞ የሳንቃውን የላይ ጠርዝ ወደ ኋላ ይጎትቱታል፤ መጠኑም 62 ተኩል ሲቀነስ 25፥ ማለት 37 ኪሎ ተኩል ነው። በዚህ ላይ የሞተሩ ክብደት አለ። 15 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ክብደቱ ከሳንቃው 15 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ስለሚገኝ እርሱም በዚያው አቅጣጫ ይፈነቅላል፤ በሁለቱም ስፍራ 11 ኪሎ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ከታች ወደ ፊት ወደ 74 ኪሎ፥ ከላይ ወደ ኋላ ወደ 49 ኪሎ ይሆናል። የ25 ኪሎ ግፊት ሳንቃውን የሚያስጨንቀው በዚህ መጠን ነው። መንቀል የሚባለው ኀይል በጠቅላላው 15 ኪሎ ክብደት በአንድ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ያህል ነው።

ይህም ውሃው ጸጥ ባለ ጊዜ ነው። ማዕበል ጀልባዋን አንሥቶ ሲጥላት የሞተሩ ክብደት ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሞተሩ ወደ ኋላ እንዲነዳ ሲደረግ የጭንቀቱ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ የተጎተተው ይገፋል፥ የተገፋው ይጎተታል። ጀልባዋ በመኪና ተስቦ በሚሄድ ጋሪ ላይ ስትጫን ሞተሩን በጀርባዋ አስሮ መተው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ልማድ ይመስለናል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ሞተሩ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሳንቃውን ይመታዋል፤ ውሃ ላይ ያልተሰበረው መንገድ ላይ ይሰነጠቃል፥ ስንጥቁም የሚታወቀው ውሃ ላይ ነው።

አሁን ወደ ማጠንከሩ እንለፍ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሳንቃውን ማወፈር ነው፤ ትክክልም ነው፥ አወፋፈሩ ከታወቀ። አንድ ወፍራም መጽሐፍ በሁለት እጃችን ይዘን ብናጎብጠው በቀላሉ ይጎብጣል። ያንኑ የሚያህል ውፍረት ያለው ሳንቃ ግን አይጎብጥም። ሁለቱም ከእንጨት የተገኙ ናቸው፤ ልዩነቱ የመጽሐፉ ቅጠሎች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ለየብቻቸው መጉበጣቸው ነው። ቅጠሎቹ በሙሉ በኮላ ቢጣበቁ መጽሐፉ ሳንቃ ይሆናል። የአንድ ሳንቃ ለመጉበጥ እንቢተኛነት በውፍረቱ ሦስተኛ እርከን እንደሚያድግ በሜካኒክስ ትምህርት ተረጋግጧል። የነበረው የኋላ ሳንቃ 9 ሚሊሜትር ቢሆንና 18 ሚሊሜትር ብንጨምርበት፥ ጠቅላላው 27 ሚሊሜትር፥ ማለት ሦስት እጥፍ ነው። ሁለቱ በሙሉ ፊታቸው ከተጣበቁ እንቢተኛነቱ 27 እጥፍ ይሆናል። በጥቂት ብሎን ብቻ ከተያያዙ ግን የመጀመሪያው አንድ፥ የተጨመረው ስምንት፥ በድምሩ ዘጠኝ እጥፍ ብቻ ነው። ያው እንጨት፥ ያው ወጪ፥ ያው ክብደት ሆኖ ሦስት እጅ ያህል ልዩነት የሚያመጣው በመካከል ያለው ማጣበቂያ ነው። እኛ ከዚህ ሁሉ ጥናት ይበልጥ ያስደነቀን ይህ ነው።

ታዲያ ማጣበቂያው ምን ዐይነት መሆን አለበት? ለወንበርና ለጠረጴዛ የምንጠቀምበት ነጭ ኮላ በውሃ ሲረጥብ ይለሰልሳልና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኢፖክሲ የሚባለው፥ ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠነክሩት ማጣበቂያ ይሻላል። የአሮጌው ሳንቃ ቀለም በሙሉ ተፍቆ ጥሬው እንጨት እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት መሻር አለበት፤ በቀለም ላይ የተጣበቀ እንጨት የተጣበቀው ከቀለሙ ጋር ነው እንጂ ከጀልባዋ ጋር አይደለም። ኮምፐርሳቶውም ቢሆን ሁሉም እኩል አይደለም። ለቤት ጣራና ለቁም ሣጥን የሚሸጠው ዐይነት ውሃ ሲያገኘው ቅጠል በቅጠል ይለያያል። የሚያጠራጥር እንደ ሆነ ከጫፉ አንድ ቁራጭ ቈርጦ በድስት ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቀቅሎ ማየት ጥሩ ፈተና ነው። ቅጠሎቹ ከተላቀቁ ለጀልባ አይሆንም። ከወጥ እንጨት የሚሠራ ሰው ደግሞ እንጨቱ በደንብ የደረቀ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ዋንዛ ለመሥራት የሚመች፥ ብስባሴንም የሚቋቋም ነው። ብቻ ከመቈረጡ አስቀድሞ የሞተሩ መንጋጋ ምን ያህል እንደሚከፈት መለካት ይገባል። ሳንቃው ከመንጋጋው በላይ ከወፈረ የተደከመበት ሁሉ በመሮ ተመልሶ መፋቁ ነው።

የተጨመረው ሳንቃ ከውስጥ ይሁን ወይስ ከውጭ? እኛ ከውስጥ እንዲሆን እንመርጣለን። ከላይ ከሞተሩ መንጋጋ ጀምሮ እስከ ጀልባዋ ወለል ቢወርድና በስፋቱም ከሞተሩ ግራና ቀኝ ዘለግ ቢል ጭንቀቱ ይበተናል። ጠርዞቹ በድንገት እንዳያልቁ ተሰልበው መቅጠን አለባቸው፤ ወፍራሙ በቀጭኑ ላይ በድንገት የሚያልቅበት ስፍራ ስንጥቅ የሚጀምርበት ስፍራ ነውና።

ይሁን እንጂ ውፍረት ብቻውን አይበቃም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ስለ ሆነ ጥቂት እንቈይበት። ሳንቃውን የጠነከረ ዝሆን እንኳ የማይሰብረው አድርገነዋል እንበል። ያን ጊዜ የመንቀሉ ኀይል ሳንቃውን መስበር ቢያቅተው ሳንቃውን እንዳለ ከጀልባዋ ይገነጥለዋል። የላይ ጠርዙ ወደ ኋላ፥ የታቹ ወደ ፊት ሲንቀሳቀስ፥ ሳንቃው ከጎኖቹና ከወለሉ ጋር የተሰፋበት መስመር በየጊዜው እንደ ማጠፊያ ይከፈታል ይዘጋል። በሽቦና በጥብጣብ በተሰፋች ቀላል ጀልባ ላይ መጀመሪያ የሚደክመው ይህ ስፌት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሳንቃው ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚል ብቻ ሳይሆን፥ የተቀበለውን ኀይል ለማን ያስተላልፋል የሚልም ነው።

መልሱ ያለው በማዕዘን ደጋፊ እንጨቶች ነው። መርከብ ሠሪዎች እነዚህን ጉልበት ይሏቸዋል፤ የታጠፈ ጉልበት ይመስላሉና። አንደኛው ጉልበት ከሞተሩ እግር ትይዩ በውስጥ በኩል ይቆማል፤ አንድ ክንዱ በሳንቃው ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፥ ሌላው ክንዱ በጀልባዋ ወለል ላይ ወደ ፊት ይተኛል። ያ ወደ ፊት የሚገፋው 74 ኪሎ በዚህ እንጨት በኩል ወደ ወለሉ ይተላለፋል፤ ወለሉም በርዝመቱ ስለሚቀበለው ምንም አይሆንም። ሁለቱ ሌሎች ጉልበቶች በላይ በኩል፥ ሳንቃው ከግራና ከቀኝ ጎኖች የላይ ጠርዝ ጋር በሚገናኝባቸው ማዕዘኖች ይገባሉ። ወደ ኋላ የሚጎተተውን የላይ ጠርዝ የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ወደ ፊት የሚዘረጋው ክንዳቸው አጭር ከሆነ ጥቅማቸው ያንሳል፤ 25 ወይም 30 ሴንቲሜትር ያህል በጎኖቹ ላይ ቢዘረጋ ለእንዲህ ያለች ጀልባ በቂ ይመስለናል።

በዚህ ነገር ከአንድ የክፍል ጓደኛችን ጋር ብዙ ተከራክረናል። እርሱ የሚለው ከውስጥም ከውጭም አንድ አንድ ሰፊ ላሜራ በብሎን ቢታሰር ጉዳዩ ያልቃል ነው። ላሜራው የጠመዝማዛዎቹ ራስ እንጨቱን እንዳይጎደጉደው እንደሚከላከል እኛም አንክድም፤ ለዚሁ ሥራ ትንሽ የአሉሚኒየም ወይም የጠንካራ እንጨት ቁራጭ ከጠመዝማዛዎቹ ሥር ማድረግ መልካም ነው። ነገር ግን ላሜራው የሚያደርገው በሳንቃው ላይ ጭንቀቱን ማስፋፋት እንጂ ሳንቃውን ከጀልባዋ ጋር ማገናኘት አይደለም። የበሩን መዝጊያ በብረት ለብጦ ማጠፊያውን በሁለት ሚስማር መተው ይመስላል። ወዳጃችን ገና አላመነም።

ስለ ብሎን ከተነሣ፥ በሳንቃው ውስጥ የሚያልፍ ቀዳዳ ሁሉ የውሃ በር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ኮምፐርሳቶ በፊቱ ውሃን በመጠኑ ሲቋቋም በተቈረጠው ጠርዙና በቀዳዳው ውስጥ ግን እንደ ክር ፈትል ይመጣል። ከዓመት በፊት በአንድ ሐይቅ ዳር የተገለበጠች የእንጨት ጀልባ አይተን ነበር። ባለቤቷ ሞተር ሊያስርባት ከውጭ በኩል አንድ ወፍራም ጣውላ በሚስማር መትቶባታል። ጣውላውና ሳንቃው በመካከላቸው ማጣበቂያ ስላልነበራቸው የገባው ውሃ እዚያው ይቀመጥ ነበር። ከውጭ ስትታይ ቀለሟ ያማረ፥ ጣውላዋም የሚያስተማምን ነበረ። ባለቤቷ ፈቅዶልን በሰንጢ ጫፍ ብንነካት ግን ሰንጢው እስከ ግማሹ ያለ ትግል ገባ፤ ተስቦ ሲወጣም እንጨቱ እንደ ቡና አተላ ጥቁር ሆኖ ተከተለው። በእርሷ ላይ ሦስት ሰዎች ከሞተሩ ጋር ዓሣ ሊያጠምዱ ይወጡ እንደ ነበር ነገሩን። ሰንጢ ለማይኖረው ሰው በመዶሻ እጀታ ሳንቃውን እየቈረቈሩ ማዳመጥም ይረዳል። ደኅነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ያለ፥ የታፈነ ድምፅ ያሰማል።

ስለዚህ የብሎን ቀዳዳ እንዲህ ቢሠራ ይመረጣል፤ አስቀድሞ ከብሎኑ ሰፋ ባለ መብሻ በትራፓኖ ይበሳል፤ ቀዳዳው በኢፖክሲ ይደፈናል፤ ኢፖክሲው ሲጠነክር በመካከሉ በብሎኑ ልክ እንደ ገና ይበሳል። እንግዲህ ብሎኑ የሚነካው ኢፖክሲውን እንጂ እንጨቱን አይደለም። ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንደላ ይገባል። ብሎኑ የማይዝግ ብረት ቢሆን ጥሩ ነው። በጨው ባሕር ላይ የምትሄድ ጀልባ ከሆነች የማይዝግ ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ሲኖሩ አሉሚኒየሙ እንደሚበላ መታወቅ አለበት፤ በእኛ ሐይቆች ይህ ጉዳት የሚዘገይ ነው።

በሸራ ጀልባ ላይ ሞተሩ የሚታሰርበት ስፍራ ራሱ አከራካሪ ነው። መካከሉን መሪው ይዞታል፤ ስለዚህ ሞተሩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህ በራሱ ሁለት ነገር ያመጣል። ግፊቱ ከመካከል ስለሚርቅ ጀልባዋ ወደ ሌላው ጎን መዞር ትወዳለች፤ ይህን መሪው ያርመዋል። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው፤ ሳንቃው መጉበጥ ብቻ ሳይሆን መጠምዘዝም ይደርስበታል። ቀደም ብለን በወለሉ ላይ ይቁም ያልነው ጉልበት ከመሪው ጀርባ ሳይሆን ከሞተሩ ጀርባ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። የትልቁ ሸራ ገመድ በኋላ ሳንቃው ላይ የሚታሰርባት ጀልባ ከሆነችም ገመዱ በሞተሩ ራስ እንዳይጠለፍ አስቀድሞ መሞከር ይገባል። አንዳንዶች ሞተሩን በሳንቃው ላይ ሳይሆን ከፍና ዝቅ በሚል የብረት ማቀፊያ ላይ ያስሩታል። በሸራ ጊዜ ሞተሩን ከውሃ ለማውጣት ይመቻል፤ ነገር ግን ሞተሩን ይበልጥ ወደ ኋላ ስለሚወስደው የክብደቱ ክንድ ይረዝማል፤ ማቀፊያ የመረጠ ሰው ጉልበቶቹንም ያን ያህል ማርዘም አለበት። የሞተሩ እግር ቁመትም ከሳንቃው ቁመት ጋር መስማማት አለበት። ሞተሮች በተለምዶ 38 ሴንቲሜትር ለሚሆን ሳንቃ አጭር፥ 51 ሴንቲሜትር ለሚሆን ረጅም እግር ኖሯቸው ይሸጣሉ። እግሩ ያጠረበት ሞተር አየር እየሳበ በከንቱ ይሽከረከራል፤ የረዘመበት ደግሞ ድጅኖው የረዘመ ነውና የመንቀሉ ኀይል ይጨምራል።

የከፍታ ነገር ለእኛ አገር ልዩ ትርጉም አለው። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፤ ዝዋይ፥ ላንጋኖና ሐዋሳም ሁሉም ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ በቤንዚን የሚሠራ ተራ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በጣና ላይ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ያጣል። ይህ በራሱ ለሳንቃው ዕረፍት ነው። ነገር ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ሞተሩ ደከመ ብሎ ባለቤቱ ከፍ ያለውን ይገዛል፤ ከፍ ያለው ሞተር ጉልበቱ በአየሩ መሳሳት ቢቀንስም ክብደቱ ግን አይቀንስም። ባለ አምስት ወይም ባለ ስድስት ፈረስ ሞተር ወደ 26 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በደጋ ሐይቅ ላይ ያለች ጀልባ ለዚያው ፍጥነት ከቈላዪቱ ይልቅ ከባድ ሞተር ትሸከማለች ማለት ነው፤ ከውጭ አገር የመጣ መመሪያ ይህን አይነግረንም።

ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ውሃ ላይ ሄዶ መሞከር የተለመደ ነው። እኛ ግን በየብስ ላይ አስቀድሞ እንዲሞከር እንመክራለን፤ ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ጠንካራ አጣናና ሁለት ጀሪካን ነው። ጀልባዋ በሣር ላይ ትቀመጥ፤ በፊቷ በኩል አንድ ሰው ይቀመጥባት። አጣናው ከሞተሩ ስፍራ ላይ፥ እንደ ሞተሩ መንጋጋና እግር ከላይና ከታች ሁለት ስፍራ ሳንቃውን እንዲነካ ሆኖ፥ ወደ ኋላ አግድም ይታሰር። ከሳንቃው 75 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይንጠልጠል። ሃያ ኪሎ በ75 ሴንቲሜትር፥ ቀደም ብለን ያገኘነው 15 ኪሎ በአንድ ሜትር ነው። በጀልባዋ ሁለት ጎኖች መካከል በሳንቃው ጠርዝ አጠገብ ሲባጎ ተወጥሮ፥ ጠርዙ ከሲባጎው ምን ያህል እንደ ራቀ ከመንጠልጠሉ በፊትና በኋላ በማስመሪያ ይለካ። ከዚያ ሁለተኛው ጀሪካን ይጨመር፤ ይህ ለማዕበሉ ነው። ሁለቱም ሲወርዱ ጠርዙ ወደ ቀድሞ ስፍራው በትክክል ከተመለሰ፥ በስፌቱም ላይ የተሰነጠቀ ቀለም ካልታየ ሳንቃው ታምኗል። ካልተመለሰ ግን አንድ ነገር ተንሸራቷል፤ ብዙ ጊዜም የሚንሸራተተው ማጣበቂያው በደንብ ያልነካው ስፍራ ነው። በዚህ ጊዜ የሚፈሰው የጀሪካን ውሃ ብቻ ነው።

ከዚህም በኋላ ሞተሩ በገመድ ወይም በሰንሰለት መታሰር አለበት። ጠመዝማዛዎቹ በእጅ የሚጠብቁ ስለ ሆኑ በሞተሩ መንቀጥቀጥ ቀስ በቀስ ይላላሉ፤ በየጉዞው መጀመሪያ እየተነኩ ሊጠብቁ ይገባል። ገመዱ የሚታሰርበትን ስፍራ ግን ብዙ ሰው አያስብበትም። በራሱ በኋላ ሳንቃው ላይ ከታሰረ፥ ሳንቃው የተላቀቀ ዕለት ሞተሩና ሳንቃው አብረው ይሰጥማሉ። ስለዚህ የገመዱ ቀለበት ከሳንቃው ፈንታ ወደ ፊት በተዘረጋው የጉልበቱ ክንድ ላይ፥ በሚያልፍ ብሎንና በሰፊ ሮንደላ ይታሰር። ገመዱም ሞተሩ ቢወድቅ ፕሮፔለሩ ወደ ጀልባዋ ጎን እንዳይደርስ አጭር ይሁን።